ማነው ለስላሳ ያለው?

ስኳር የበዛባቸው መጠጦች ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጡ በተባለ ቁጥር ሦስት ዓይነት ሰው ይቆጣል። አንደኛው «ልጄ ምን እንደሚጠጣ የማውቀው እኔ ነኝ፤ መንግሥት ምን አገባው?» ይላል። ሁለተኛው ሱቅ አለው፤ ሳጥኑ ካልተሸጠ ኪራዩ አይከፈልም። ሦስተኛው የተማረ ነው፤ ክልከላ ድሃውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው፣ ውፍረትንም ነውር ማድረግ ነው፣ ይልቅስ ሕዝቡ ይማር ይላል። በዳውንታውን ኦክላንድና ከዚያ ተነሥቶ ወደ በርክሊ በሚወጣው የቴሌግራፍ ጎዳና ላይ በተደረደሩት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሦስቱም ይገኛሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ጠረጴዛ። ሦስቱ በብዙ ነገር አይስማሙም። የሚከራከሩበት ቃል ግን የተሠራው በአንድ ቤት ነው፤ የሠራውም መጠጡን የሚሸጠው ነው።

ነገሩን ከ2016 መጀመር ይሻላል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን የኦክላንድ ሕዝብ ሜዠር ኤችኤች በተባለ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጠ። ሐሳቡ አጭር ነበር፦ ስኳር የተጨመረበት መጠጥ የሚያከፋፍል ድርጅት በእያንዳንዱ አውንስ አንድ ሳንቲም ይክፈል። የተለመደችው ቆርቆሮ 12 አውንስ ትይዛለች፤ ስለዚህ በቆርቆሮ 12 ሳንቲም። ከድምፅ ሰጪው 61 ከመቶ ያህሉ ደገፈው፤ ግብሩም ጁላይ 1 ቀን 2017 ሥራ ላይ ዋለ። ጎረቤቷ በርክሊ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ ይህንኑ በማድረግ ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆና ነበር።

ከድምፁ ቀን በፊት ግን የመጠጥ አምራቾቹ ማኅበር ከተማዋን በፖስታና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አጥለቀለቃት። ማስታወቂያዎቹ ነገሩን «የግሮሰሪ ግብር» አሉት። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ሶዳው ላይ፣ ነገ ዳቦውና ወተቱ ላይ። በቀረበው ሐሳብ ውስጥ ስለ ዳቦ አንድም ቃል አልነበረም። (አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም፤ እዚያ ግሮሰሪ ማለት ቢራና አረቄ የሚጠጣበት ቤት ነው። «የግሮሰሪ ግብር ይጣል» ቢባል ደስ ብሏት ድምፅ የምትሰጥ ሚስት ብዙ ናት።) በርኒ ሳንደርስ በዚያው ዓመት የፊላደልፊያን ተመሳሳይ ግብር ድሃውን ይጎዳል ብለው ተቃውመው ስለነበር፣ ስማቸው በኦክላንድና በሳን ፍራንሲስኮ ማስታወቂያዎች ላይ ወጣ። ሴናተሩ ራሳቸው ስሜን አትጠቀሙበት እስከ ማለት ደረሱ።

አማርኛም እንዲህ ያለ የሚያዘናጋ ቃል አለው፤ «ለስላሳ»። እንግሊዝኛው መጠጡን «ሶፍት» ያለው አልኮል ካለበት «ሃርድ» ከሚባለው ለመለየት ነው። አማርኛው ግማሹን ተርጉሞ ወሰደ፤ የሚነጻጸርበት ጓደኛው አብሮ አልመጣም። ቃሉም የወደቀው ከሕፃን ገላ፣ ከባዘቶ ጥጥና ከአዲስ ጋቢ ጎን ነው። «ምን ልስጥህ የኔ ጌታ፣ ለስላሳ?» ሲባል የሚሰማ ጆሮ ጉዳት አይጠረጥርም።

በአንዲት ባለ 12 አውንስ የኮካ ኮላ ቆርቆሮ ውስጥ 39 ግራም ስኳር አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ያህል ነው። ልጇ በሻይ ስኒው ላይ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ማንኪያ ሲጨምር ዝም ብላ የምታይ ሐበሻ እናት የለችም፤ እጁን ትይዘዋለች። ቆርቆሮዋን ግን ራሷ ከፍታ ትሰጠዋለች። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2016 ከሁለት እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 25 ግራም የተጨመረ ስኳር ነው። ቆርቆሮዋ ሁለት ሦስተኛዋ እንደተጠጣ የቀኑ ድርሻ ያልቃል፤ ቁርሱም፣ ብስኩቱም፣ ኬቻፑም ገና አልተቆጠረም። ማዕዘን ሱቅ የሚሸጠው ባለ 20 አውንሱ ጠርሙስ ደግሞ 65 ግራም ይዟል።

ይህ የእናቶች አለማወቅ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ለስላሳ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የክብር መጠጥ ነበር። ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ የጀመረው በ1959 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ለብዙ ቤተሰብ ሚሪንዳና ፋንታ የፋሲካ፣ የልደት፣ የምርቃት ነገር ሆነው ኖሩ። የታመመ ሲጠየቅ በፌስታል ይያዛሉ፤ ድንገት እንግዳ ሲመጣ ልጅ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ወደ ሱቅ ይሮጣል፤ እንግዳው ካስተረፈም ያችን ግማሽ ብርጭቆ ለመውረስ ወንድምና እህት ይጣላሉ። እንዲህ ያደገ ሰው ኦክላንድ መጥቶ፣ ሌሊት ታክሲ ቀን መጋዘን እየሠራ፣ ፍሪጁን በቆርቆሮ ሲሞላ ለልጁ እየሰጠ ያለው እሱ ያጣውን ነው። «ተመችቶሃል፣ ወፍረሃል» ምስጋና በሆነበት ቋንቋ ያደገ ሰው ሞላ ያለ ልጅ ሲያይ ጥጋብን ነው የሚያየው፤ በሽታ አይታየውም። ችግሩ በዓመት አንዴ የነበረው ፋሲካ አሁን በየቀኑ መሆኑ ነው። የልጅ ጥርስና የልጅ ጉበት ደግሞ በዓሉን ከሰኞ አይለዩም።

ኩባንያዎቹ ይህን ፍቅር ያውቁታል፤ ገበያቸው ነው። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲው ሩድ ማእከል በ2020 ባወጣው ጥናት ጥቁር ልጆችና ወጣቶች ከነጭ እኩዮቻቸው ከእጥፍ በላይ የስኳር መጠጥ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን እንደሚያዩ አሳይቷል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ «ሐበሻ እንጂ ጥቁር አሜሪካዊ አይደለም» ማለት ይወዳል። ማስታወቂያ ሻጩ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ቢያውቅም አይጠቅመውም።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንግባ። ካሊፎርኒያ በ2003 ባወጣችው ሕግ ሶዳ ከአንደኛና ከመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲወጣ አደረገች፤ በ2005 ገዥው አርኖልድ ሽዋርዝኔገር የፈረሙት ሕግ ደግሞ ክልከላውን ወደ ሁለተኛ ደረጃ አሰፋው፤ በ2009 ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ ሆነ። የፌዴራሉ መንግሥት ከ2014 ጀምሮ በትምህርት ሰዓት በግቢ ውስጥ በሚሸጥ ምግብና መጠጥ ላይ የራሱን መለኪያ አወጣ። ስለዚህ «ይከልከል ወይስ አይከልከል» የሚለው ክርክር በኦክላንድ ካበቃ ቆይቷል። አሁን የሚታየው ግን ያበቃውን ክርክር እያነሡ ክልከላውን የወላጅን ሥልጣን የነጠቀ ማስመሰል ነው።

ሕጉ የነጠቀው የወላጅን ሥልጣን አይደለም። የልጁን የምሳ ዕቃ የሚፈትሽ የለም፤ የተከለከለው ሽያጭ ነው። በ1990ዎቹ ምን ይመስል እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ኮካና ፔፕሲ ከየትምህርት ቤቱ አስተዳደር ጋር በግቢው የእኛ መጠጥ ብቻ ይሸጥ የሚል ውል ይፈራረሙ ነበር፤ ገንዘቡም ለስታዲየም መብራት፣ ለሙዚቃ መሣሪያ፣ ለመማሪያ ዕቃ ይውላል። የኮሎራዶ ስፕሪንግስ ትምህርት አስተዳደር በ1997 ከኮካ ኮላ ጋር የአሥር ዓመት ውል ገባ፤ አንድ ኃላፊም ለርእሰ መምህራን ሽያጩ ከፍ እንዲል ማሽኖቹ ተማሪ ቀኑን ሙሉ በቀላሉ በሚያገኛቸው ቦታ እንዲቀመጡ የሚመክር ደብዳቤ ጻፈ። በ1998 ጆርጂያ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «የኮክ ቀን» ሲያከብር የፔፕሲ ካናቴራ ለብሶ የመጣ ተማሪ ከትምህርት ታገደ። ያን ጊዜ የወላጅ ሥልጣን የት ነበር? ልጁን የሚያስተምረው ተቋም ራሱ የሻጭ ወኪል ሆኖ ሳለ «ምርጫ» የሚለው ቃል ትርጉም አልነበረውም። ክልከላው ያቆመው ያንን ነው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋ አለው።

ተቃዋሚዎቹ አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። በ2010ሮቹ መጀመሪያ የታተመ፣ በ40 ግዛቶች የሚገኙ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን የተመለከተ ጥናት፣ ሶዳ ብቻ በተከለከለባቸው ግዛቶች ተማሪዎቹ በግቢ ውስጥ ወደ ሌላ ጣፋጭ መጠጥ እንደዞሩ አሳየ። ስኳር ያለው መጠጥ ሁሉ በተከለከለባቸውም ቢሆን በትምህርት ቤት የሚገዙት ቀነሰ እንጂ በቀን የሚጠጡት ጠቅላላ መጠን ከሌሎቹ አልተለየም። «አያችሁ? ክልከላ አይሠራም» ይባላል። ጥናቱ የሚለው ግን ሌላ ነው። በሩን ዘግቶ መስኮቱን የከፈተ ሰው ቤቱ ቢበርደው በሩን አይወቅስም። የካሊፎርኒያው ሕግ ራሱ ሲወጣ መስኮት ነበረው፤ «የስፖርት መጠጥ» የሚባለውን፣ በ20 አውንስ ውስጥ እስከ 42 ግራም የተጨመረ ስኳር ቢይዝም ፈቅዶት ነበር። ከአሥር ማንኪያ በላይ ስኳር፣ «ስፖርት» የሚል ስም ስላለው ብቻ በአጥር ዘለቀ። እዚህም ስሙ ነው ሥራውን የሠራው። ሁለተኛው መስኮት ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ያለው መንገድ ነው፤ የግቢ ክልከላ የመንገዱን ሥራ አይሠራም። መንገዱን የሚመለከተው ግብሩ ነው።

ግብሩም ሠርቷል። በ2023 ፕሎስ ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ኦክላንድ ውስጥ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ የስኳር መጠጥ ግዢ ለንጽጽር ከተወሰዱ ከተሞች አንጻር ወደ 27 ከመቶ መቀነሱን አግኝቷል። ሕዝቡ ወደ ጎረቤት ከተማ እየሄደ ይገዛል የሚለውም ፍርሃት በጥናቱ ማስረጃ አልተገኘለትም። ትምህርት ብቻውን፣ ማለትም ፖስተርና በራሪ ወረቀት፣ እንዲህ ያለ ውጤት ሲያመጣ አልታየም። «ሕዝቡ ይማር» የሚለው ምክር ለጆሮ ያምራል፤ ለኩባንያዎቹም ይመቻል፤ ሒሳቡን ከሻጩ ወስዶ ጠጪው ጫንቃ ላይ ያስቀምጠዋልና።

ባለ ሱቁስ? ለእሱ ክብር ያለው መልስ ይገባል፤ አሥራ አራት ሰዓት ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ግን ከበሩ አጠገብ የሚያበራውን ማቀዝቀዣ ይይ። እንዲህ ያለው ፍሪጅ ብዙ ጊዜ የሱቁ ንብረት አይደለም፤ ኩባንያው በነጻ የሚያስቀምጠው፣ ምን በዓይን ቁመት እንደሚደረደርበትም ኩባንያው የሚወስንበት ነው። «ንግዴን ነኩብኝ» የሚለው ቁጣ ወደ ከተማው ምክር ቤት ብቻ መወርወሩ ለዚህ ነው የሚያሳዝነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ነጋዴ ደግሞ የስኳር መጠጥ ግብር ለጆሮው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 307 ለስላሳ መጠጥ 40 በመቶ ኤክሳይዝ ይከፈልበት ነበር፤ በ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1186 ስሌቱ ከማምረቻ ወጪ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ተቀይሮ 25 በመቶ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ከዋጋው ሩብ የሚያህል ግብር ሲከፈል ነጻነት ተነካ ብሎ የጮኸ አልተሰማም። ኦክላንድ ላይ ለቆርቆሮ 12 ሳንቲም ሲሆን ነው ነጻነት ትዝ የሚለው።

የአገር ቤቱም ነገር ቢሆን የሚያኮራ አይደለም። በ2019 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 ከመቶዎቹ ከዕድሜያቸው በታች የቀነጨሩ ናቸው። በዚያው አገር፣ በከተማ፣ ሆዱ የሞላ ልጅ ከትምህርት ቤት ክበብ ለስላሳ ገዝቶ ወደ ክፍል ይገባል። ሁለቱ የአንድ ችግር ሁለት ፊት ናቸው፤ የሚበላው ምግብ የማይገነባው ልጅ ሊቀጭጭም ሊወፍርም ይችላል። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከሬድዮና ከቴሌቪዥን አወጣ። «ለስላሳ» ግን ቀረ፤ ማን ለስላሳን ይጠረጥራል?

ሦስተኛው፣ የተማረው ሰው፣ ውፍረትን ነውር ማድረግ ነው ይላል። ነጥቡ ቁም ነገር አለው። ልጅን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ሚዛን ላይ ማውጣት፣ ለወላጅ «ልጅዎ ወፍሯል» የሚል ወረቀት መላክ፣ ምሳ ሰዓት ላይ «ይበቃሃል» ማለት ጭካኔ ነው። ክልከላው ግን ከነዚህ አንዱንም አያደርግም። ማንንም አይመዝንም፤ ቀጭኑንም ወፍራሙንም፣ የሐኪሙንም የታክሲ ነጂውንም ልጅ እኩል ነው የሚያገኘው። ጠርሙሱን እንጂ ልጁን አያይም። በልጅ ሰውነት ላይ እንዳይፈረድ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊደግፈው የሚገባው እርምጃ ይኸው ነው፤ ተቃራኒው፣ «እያንዳንዱ ራሱን ይግዛ» የሚለው፣ የወፈረው ልጅ ራሱን መግዛት ያቃተው ሰነፍ ነው ከማለት አይርቅም። ነውሩን የሚያመጣው ይህኛው ነው።

ድሃን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው ለሚለው ደግሞ ኦክላንድ ራሷ መልስ አላት። ብላክ ፓንተሮች በጃንዋሪ 1969 ለልጆች ነጻ ቁርስ ማብላት የጀመሩት ከዳውንታውን ብዙም ሳይርቅ፣ በቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የድሃ ልጅ ምን ይዞ ክፍል ይገባል የሚለውን ጥያቄ የፖለቲካ ጥያቄ ያደረጉት ድሆቹ ራሳቸው ናቸው። ካሊፎርኒያ ከ2022 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሕዝብ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ሁሉ፣ የወላጁ ገቢ ሳይጠየቅ፣ ቁርስና ምሳ በነጻ እንዲያገኝ አድርጋለች። ለልጅ የሚጠቅመውን መርጦ ማቅረብ ንቀት ከሆነ ያ ቁርስም ንቀት ነበር ማለት ነው። እንዲህ የሚል ግን የለም።

እስካሁን ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ግን ኦክላንድ አንድ ከባድ ዕዳ አለባት፤ ከክልከላው ደጋፊዎች ብዙዎቹም ስለዚህ ዝም ይላሉ። ሶዳውን አትጠጣ የተባለ ልጅ ምን ይጠጣ? ውኃ ነው መልሱ። የካሊፎርኒያ ሕግም ከ2011 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በመመገቢያ ቦታ ነጻ የመጠጥ ውኃ እንዲያቀርቡ ያዛል። በኦገስት 2024 ግን የኦክላንድ ትምህርት አስተዳደር ለወላጆች ያሳወቀው የሚያስደነግጥ ነበር። ከተመረመሩት ከ1,000 በላይ ቧንቧዎችና የውኃ መጠጫዎች ወደ 200 የሚጠጉት አስተዳደሩ ራሱ ካስቀመጠው ገደብ፣ ማለትም ከቢሊዮን አምስት እጅ፣ የበለጠ እርሳስ ተገኘባቸው። የእርሳስ ጉዳይ በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ሲነሣ ያ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ2017ም ተነሥቶ ነበር። እርሳስ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ «ትንሽ ቢሆን ግድ የለም» የሚባልበት መጠን የለውም።

ይህን የሰማ ወላጅ ለልጁ የታሸገ ነገር ቢገዛ ማን ይፈርድበታል? የታሸገው ውኃና የታሸገው ሶዳ ደግሞ በአንድ ፍሪጅ ውስጥ፣ በተቀራራቢ ዋጋ፣ ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። ሶዳ ሻጩ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አያገኝም፤ ነጻም ነው። የተበላሸውን ቧንቧ ምክንያት አድርጎ «እንግዲያው ሶዳው ይመለስ» ማለት ግን የተበከለውን ጉድጓድ ትቶ መጠጥ ቤት እንደ መክፈት ነው። ቧንቧው ይጠገን።

የሚጠገንበት ገንዘብ አለ። የስኳር መጠጡ ግብር በየዓመቱ ለከተማዋ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስገባል። እዚህ ላይ የሕጉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ገንዘቡ ለአንድ ለተወሰነ ሥራ ብቻ ይውላል ተብሎ የሚጻፍ ግብር የድምፅ ሰጪውን ሁለት ሦስተኛ ይፈልጋል፤ ወደ ጠቅላላ ካዝና የሚገባ ግን ከግማሽ በላይ ይበቃዋል። ሜዠር ኤችኤች ሁለተኛውን መንገድ መረጠ። ለልጆች ጤና ነው ተብሎ ድምፅ ተሰበሰበ፤ በወረቀት ላይ ግን ገንዘቡ የጠቅላላ ካዝና ነው፤ ከነዋሪው የሚመረጥ አማካሪ ቦርድ ቢኖርም ምክሩ የከተማውን ምክር ቤት አያስገድድም። ግብሩ ገና መሰብሰብ ሳይጀምር፣ በ2017 ጸደይ፣ ከንቲባ ሊቢ ሻፍ ባቀረቡት በጀት ከገንዘቡ ከፊሉ የበጀት ጉድለት መሙያ እንዲሆን ታቅዶ ስለነበር ለግብሩ የታገሉት ሰዎች ተቆጥተው ተነሡ። መቆጣታቸው ተገቢ ነበር። ለልጅ ውኃ ተብሎ የተሰበሰበ ሳንቲም ሌላ ቀዳዳ በደፈነ ቁጥር «የግሮሰሪ ግብር ነው» ብሎ ያስፈራራው ሰው ትክክል ይመስላል። አሥራ አራተኛውና ብሮድዌይ ጥግ ያለው የከተማው አዳራሽ ለስብሰባ ክፍት ነው፤ የሐበሻ ነጋዴ «ንግዴ ተጎዳ» ለማለት የሚሄደውን ያህል «ከእኔ ሱቅ የተሰበሰበው ሳንቲም የትኛውን ቧንቧ ጠገነ?» ለማለት ቢሄድ ጥያቄው መልስ የሚያሳጣ ነው።

ኩባንያዎቹ በበኩላቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ2018 ማንኛውም የአካባቢ ግብር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ አይጸናም የሚል ሐሳብ ለግዛቱ ሕዝበ ውሳኔ እንዲቀርብ በሚሊዮኖች አውጥተው ፊርማ አሰባሰቡ። ከተሞቹ ለእሳት አደጋም፣ ለቤተ መጻሕፍትም ገንዘብ ማግኘት እንደሚቸግራቸው አይተው ደነገጡ። ሳክራሜንቶ ተደራደረች፦ እናንተ ሐሳባችሁን አንሡ፣ እኛም አዲስ የሶዳ ግብር እንዳይወጣ እናግዳለን። ገዥው ጄሪ ብራውን ጁን 28 ቀን 2018 ሕጉን ፈረሙ። እስከ 2030 መጨረሻ ድረስ በካሊፎርኒያ ከተሞች አዲስ የስኳር መጠጥ ግብር ተከለከለ፤ ኦክላንድን ጨምሮ ቀድመው ያወጡት አራት ከተሞች ብቻ ተረፉ። የሕጉ ስም ምን ተባለ? ግሮሰሪ በተመጣጣኝ ዋጋ ይቆይ። ኦክላንድ ላይ በድምፅ የተሸነፈው ቃል ሳክራሜንቶ ላይ ሕግ ሆነ። ነጻነት፣ ምርጫ፣ የሕዝብ ድምፅ ሲሉ የነበሩት ሰዎች የሚሊዮኖችን የመምረጥ መብት በአንድ ሳምንት ድርድር አስዘጉ። «መንግሥት ምን አገባው?» የሚለው አባት ይህን ቢያውቅ ቁጣው አቅጣጫ ይቀይር ነበር።

በዚህ ምክንያት ሳን ሆዜ፣ ከኦክላንድ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ እያለች፣ ምንም የሶዳ ግብር የላትም። አሁን ግን ምክንያቷ ሳስቷል። በ2023 አንድ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የራሳቸው ቻርተር ያላቸውን ከተሞች ለመቅጣት በሕጉ ውስጥ የገባውን አንቀጽ ውድቅ አደረገ፤ የሳንታ ክሩዝ ሕዝብም በኖቬምበር 2024 ግብሩን በድምፁ አጸደቀ። ሳን ሆዜም ቻርተር አላት። እዚያ ያለው የሐበሻ ማኅበረሰብ ድምፅ የሚሰጥ፣ የሚያደራጅ፣ ለአገር ቤት ፖለቲካ አዳራሽ የሚሞላ ነው። ለልጆቹ ጥርስ አንድ ምሽት መሰብሰብ አይከብደውም።

ሳክራሜንቶም፣ ኩባንያውም፣ የከንቲባ በጀትም የማይደርሱበት አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት። ልጆች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊደል ይቆጥራሉ፣ መዝሙር ያጠናሉ፤ ከዚያም በጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦና በረድ ውስጥ የተነከረ ቆርቆሮ ይጠብቃቸዋል። የጾም ነው፤ ወተት የለበትም፣ ሥጋ የለበትም፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። በክርስትናው፣ በልደቱ፣ በማኅበሩ ላይም እንዲሁ። ተልባና አብሽ የሚያዘጋጁ እናቶች አሉ፤ ሥራው ብዙ ነው፣ ልጆቹም ሁሌ አይወዱትም። (ብርዝ ይሻላል የሚሉም አይጠፉ፤ ብርዝም ቢሆን ማር ነው፣ ማርም ስኳር ነው።) ውኃ ግን ማንንም አያደክምም። ማጣሪያ ያለው አንድ የውኃ መቅጃ፣ ሎሚ የተቆረጠበት ማሰሮ፣ የወረቀት ኩባያ። ይህን ለመወሰን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አያስፈልግም፤ የሰበካ ጉባኤው አንድ ስብሰባ ይበቃዋል። በሕዝብ ትምህርት ቤት የወጣውን ክልከላ በንቀት የሚያይ ወላጅም እዚህ «መንግሥት ምን አገባው?» ሊል አይችልም፤ ሳጥኑን ቅዳሜ ማታ ከመጋዘኑ ሱቅ የሚገዛው ራሱ ነውና።